በሰው አገር ልብስ ሲቆሽሽ

ወጣቱ አባቱን ለልብ ቀዶ ሕክምና ይዞ ወደ ዴልሂ ሊሄድ ነው። እትዬ የእናቱ ታላቅ እህት ናቸው፤ ባለቤታቸውን እዚያው ከተማ አስታመዋል፣ ለንግድም ባንኮክና ዱባይ ተመላልሰዋል። የሐኪሙ ደብዳቤ፣ ቪዛውና የገንዘቡ ጉዳይ ካለቀ በኋላ ወሬው ሻንጣ ላይ ደረሰ።

ወጣቱ፦ በልብስ በኩል አያስቡ፣ እትዬ። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ሞልቼአለሁ። ወር ቢያቆዩንም ሳናጥብ እንመለሳለን።

እትዬ፦ ልብስ ብታበዛ የማጠቢያውን ቀን ታዘገየዋለህ እንጂ አታመልጠውም፣ ልጄ። የዴልሂ ሙቀትና አቧራ አንድ ሸሚዝ ሁለት ቀን አያስለብስህም። አባትህ ሆስፒታል እስካሉ ድረስ የሆስፒታሉን ጋዋን ያለብሷቸዋል። ጭንቁ የሚመጣው ከወጡ በኋላ ነው፤ ለክትትል ተብሎ ውጭ ተከራይታችሁ ስትቆዩ። ያልባቸዋል፣ ሾርባ ይፈስባቸዋል፣ ሽሮፕ ይንጠባጠብባቸዋል። በቀን ሁለቴ የምትቀይርላቸው ጊዜ ይመጣል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሻንጣ ሙሉ እድፍ ታቅፈህ ትቀመጣለህ። እንቅልፍ አጥተህ፣ ደክሞህ፣ "በቃ ሆቴሉ ይውሰደው" ያልክ ቀን ነው ገንዘቡ የሚሄደው።

ወጣቱ፦ ስንት ቢያስከፍሉ ነው? ሕንድ ርካሽ ነው ሲሉ እሰማለሁ።

እትዬ፦ ለሚያውቀው ርካሽ ነው። ሆቴል ስትገባ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አንድ ፔስታልና አንድ ወረቀት ታገኛለህ። ሸሚዝ ይህን ያህል፣ ሱሪ ይህን ያህል፣ ካልሲ በጥንድ ይህን ያህል እያለ ይዘረዝራል። ከታች በደቃቃ ፊደል ግብር ለብቻው ነው፣ በዕለቱ እንዲደርስ ከፈለግህ ጭማሪ አለው ይላል። ለካልሲ ማጠቢያ የሚጠይቁህ ብር ደጅ ላይ አዲስ ካልሲ ሊገዛ ይችላል። ያ ዋጋ የወጣው መሥሪያ ቤቱ ለሚከፍልለት እንግዳ ነው። መሬት ሽጦ፣ ዘመድ አስቸግሮ፣ በሽተኛ ይዞ ለመጣ ሰው አይደለም።

ወጣቱ፦ እንግዲያው ርካሽ ርካሹን እየገዙ መጣል ነዋ።

እትዬ፦ ካልሲውን ጣል። የአባትህን ቢጃማስ? ደረታቸው ተከፍቶ የተሰፋ ሰው እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ካናቴራ አይለብስም፤ ሐኪሞቹም አይፈቅዱለትም። ፊት ለፊት የሚቆለፍ፣ ሰፋ ያለ፣ ለስላሳ ጥጥ ያስፈልጋቸዋል። እንዲህ ያለውን አራት ካገኘህ ተንከባክበህ እያጠብክ ነው የምታለብሳቸው። ለመሆኑ የምታርፉበት ቤት እንዴት ያለ ነው?

ወጣቱ፦ ከሆስፒታሉ አጠገብ ያለ ገስት ሃውስ ነው። ኢንተርኔት አለው፣ ወጥ ቤትም አለው ብለውኛል።

እትዬ፦ ጣሪያው ላይ ገመድ አለ ወይ ብለህ ጠይቀሃል? ማሽንስ?

ወጣቱ፦ ኧረ አልጠየቅሁም።

እትዬ፦ ዛሬውኑ ጻፍላቸው። ልብስ ማጠቢያ ያለበትን ቤት ትንሽ ወደድ ቢል እንኳ እኔ እመርጣለሁ፤ በወር ውስጥ ልዩነቱን ይመልሳል። እዚያ ብዙ ቤት የምታየው ማሽን ሁለት ጉድጓድ ያለው ነው። በአንዱ ይታጠባል፣ በሌላው ይጨመቃል። ውኃውን በቧንቧ ትሞላለህ፣ ኦሞ ትጨምራለህ፣ ሰዓቱን ታዞራለህ። ሲያበቃ የቆሸሸውን ውኃ ለቀህ በንጹሕ ታለቀልቀዋለህ። ከዚያ ልብሱን በእጅህ አንሥተህ ወደ ትንሹ ጉድጓድ ታዛውራለህ። ዙሪያውን እኩል አድርገህ ጠቅጥቀው፤ ከባዱን ፎጣ በአንድ ወገን ከከመርከው ማሽኑ እየዘለለ ቤቱን ያናውጠዋል። ከላይ የምትደፋ ስስ የፕላስቲክ ክዳን አለች፤ እሷን ልብሱ ላይ ጫን አድርጋት። አለዚያ ካልሲው ሲሽከረከር ከጉድጓዱ ይፈናጠርና በርሜሉ ሥር ይገባል፤ ማሽኑ ካልተፈታ አታወጣውም።

ወጣቱ፦ ይህን ሁሉ ከማዛውር በእጄ ጨምቄ ባሰጣውስ?

እትዬ፦ የማሽኑ ትልቁ ጥቅም እኮ መጭመቁ ነው። ማጠቡንማ ባልዲም ይችለዋል። ሰው አገር የሚያስቸግረው ማድረቁ ነው፤ ገንዘብም የሚበላው እሱ ነው። የምትሄዱት መቼ ነበር?

ወጣቱ፦ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ።

እትዬ፦ በል እንግዲያው ስማኝ። የዴልሂ ዝናብ ከእኛ ክረምት ጋር ነው የሚገጥመው፤ ሰኔ ሲያልቅ ይገባል፣ መስከረም አጋማሽ ግድም ይወጣል። ነገር ግን የእኛ ክረምት ብርድ ነው፣ የእነሱ ወበቅ ነው። አየሩ ራሱ ውኃ ጠግቧል፤ ከልብስህ ላይ ያለውን አይቀበልህም። ማታ ያሰጣኸው ጂንስ ጠዋት እርጥብ ነው፣ ማታም እርጥብ ነው፣ በማግስቱ ይሸታል። ያ ሽታ እርጥበቱ ላይ ተሕዋስ ተራብቶ የሚያመጣው ነው፤ ሽቶ ብትነሰንስበት አይለቅም፣ እንደገና ታጥቦ ቶሎ መድረቅ ብቻ ነው መድኃኒቱ። ግንቦት ላይ ቢሆን ኖሮ ከ40 ዲግሪ የሚበልጥ ፀሐይ ስላለ ጣሪያ ላይ አስጥተህ አንድ ቡና ሳትጠጣ ታነሣው ነበር። ታኅሣሥና ጥር ደግሞ ጉም ነው፤ ፀሐይ ሳታይ የምትውልበት ቀን አለ። እንዲህ ወቅት ሳይቆጥሩ "ሕንድ ሙቀት ነው፣ ሁሉም ይደርቃል" የሚሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ወጣቱ፦ ታዲያ ሐምሌ ላይ ምን ላድርግ?

እትዬ፦ መጀመሪያ እነዚያን ጂንሶች አውጣ። አንድ ካልቀረብህ በአውሮፕላን ለብሰኸው ሂድ። ቀጫጭን ሱሪ ያዝ፣ ፖሊስተር ቅልቅል ያለበት ቢሆን ይሻላል፤ ውኃ አይዝም። አንድ አምስት ሜትር ናይለን ገመድና ጥቂት መቆንጠጫ ሻንጣህ ውስጥ ክተት። ሸሚዝ ካጠብክ በኋላ ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርጋው፣ ከነፎጣው ጠቅልለው፣ በጉልበትህ ጫን ጫን አድርገው። ፎጣው የቀረውን ውኃ ይጠጣዋል። ከዚያ ከጣሪያው ማራገቢያ ሥር ስቀለው። ማራገቢያ የሌለበት ቤት ዴልሂ ውስጥ እምብዛም አታይም። ልብስን የሚያደርቀው ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ ነፋሱ ነው። ኤሲ ካለም በሩን ዘግተህ አብራው፣ የክፍሉን እርጥበት እየሳበ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ደግሞ ልብሶቹን አትደራርብ፤ በመካከላቸው እጅህ ይለፍ።

ወጣቱ፦ እትዬ፣ ልናገር አይቆጡኝ። እኔ እኮ ቀን ሆስፒታል ነኝ፣ ማታ ወንበር ላይ ነው የማድረው። ከወጡም በኋላ ምግብ ማብሰሉ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠቱ፣ ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት መመላለሱ አለ። ጥቂት ሩፒ ለማትረፍ ብዬ ባልዲ ላይ ሳጎነብስ ብውል ለአባባ ምን ጠቀምኳቸው?

እትዬ፦ ለምን እቆጣለሁ፣ እውነትህን ነው። አስታማሚ ከታመመ ሁለት በሽተኛ ነው። እኔም ሁሉንም በእጅህ እጠብ አላልኩህም። ትንንሹን አንተ፣ ትልልቁን እነሱ። የውስጥ ልብስ፣ ካልሲ፣ ቀጭን ካናቴራ፣ የዕለቱን በዕለቱ ገላህን ስትታጠብ ታጥበዋለህ። እዚያ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ባልዲና እጀታ ያለው ጆግ አይጠፋም። ከመታጠብህ በፊት ትዘፈዝፋለህ፣ ታጥበህ ስትጨርስ ሁለት ጊዜ ታለቀልቃለህ፣ አለቀ። ሳሙና ግን ደረቅ የልብስ ሳሙና ያዝ፤ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር የበለጠ ፈሳሽ አያሳልፉህም፣ ደረቁን ማንም አይነካብህ። የጉድጓድ ውኃ የሚጠቀም ቤት ከገባችሁ ሳሙናው አረፋ አልሰጥ ይልሃል። ውኃው ማዕድን የበዛበት ስለሆነ ነው፤ ሳሙና እየጨመርክ አትድከም፣ የአገሩን የልብስ ዱቄት ግዛ። በትንንሽ ከረጢት በየሱቁ ይሸጣል።

ወጣቱ፦ ትልልቁንስ ማን ይወስድልኛል?

እትዬ፦ እዚህ ላይ ዋጋው የሚቆጠርበትን መንገድ እወቅ። በኪሎ የሚያጥቡ ቤቶች አሉ፤ በፍሬ የሚያጥብ ሰው አለ። ቀጭን ካናቴራ 200 ግራም ቢሞላ ነው፣ ጂንስ ግን ብቻውን ከግማሽ ኪሎ ያልፋል። ስለዚህ ቀላል ቀላሉንና ብዙውን በኪሎ፣ ከባዱንና ጥቂቱን በፍሬ ስጥ። በኪሎ ስትሰጥ ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ፎጣ ከጨመርክበት ውኃውንም ተመዝኖ ትከፍልበታለህ። ሚዛኑን ቆመህ እይ። ደግሞ "ታጥቦ ታጥፎ" እና "ታጥቦ ተተኩሶ" ሁለት ዋጋ ነው፤ የትኛውን እንደሆነ አስቀድመህ ተነጋገር። አንሶላና ካናቴራ ማስተኮስ ምን ያደርግልሃል?

ወጣቱ፦ ሙምባይ ውስጥ ያለውን ትልቁን የልብስ ማጠቢያ ሜዳ በቪዲዮ አይቻለሁ። በ1890 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው አሉ። ወንዶች ናቸው ሙሉ ቀን ውኃ ውስጥ ቆመው ልብሱን ድንጋይ ላይ የሚደበድቡት።

እትዬ፦ ዶቢ የሚሏቸው እነሱ ናቸው፤ ዴልሂም አሉ። ቤት ድረስ መጥተው ይወስዳሉ። ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱት ሥራ ነው፤ ሌላ እንዳይሠሩ ትውልዳቸው እየተቆጠረባቸው ስንት ዘመን ኖረዋል። ግን የስንቱን ቤት ልብስ ቀላቅለው አጥበው ሲያበቁ አይጠፋባቸውም። እያንዳንዱ ልብስ አንገትጌ ውስጥ በማይለቅ ቀለም ምልክት ያደርጉበታል፤ የአንተን ምልክት ካዩ የማን ቤት እንደሆነ ያውቃሉ። ድንጋይ ላይ ስለሚደበድቡት ግን ቁልፍ ይሰበራል፣ ስስ ልብስ ያልቃል። አንሶላ፣ ፎጣ፣ ወፍራም ሱሪ ስጣቸው። ከመስጠትህ በፊት አልጋ ላይ ዘርግተህ በስልክህ ፎቶ አንሣ፣ ቁጥሩንም ቆጥረህ አስጽፍ። ክርክር ከተነሣ ቋንቋ የማትግባቡትን ሰዎች ፎቶው ያግባባችኋል።

ወጣቱ፦ ዋጋ ላይስ? ሲያዩኝ የውጭ አገር ሰው ነው ብለው መጨመራቸው አይቀርም።

እትዬ፦ ገስት ሃውሱን የምታጸዳውን ሴት ጠይቃት፣ እሷ የምትከፍለውን ትነግርሃለች። ከዚያ በላይ አትስጥ። ግን አንድ ነገር አደራ። መንገድ ዳር ዛፍ ሥር ቆሞ ጋሪ ላይ የሚተኩስ ሰው ታያለህ፤ የከሰል ካውያ ነው የሚይዘው፣ አያትህ ቤት የነበረውን ዓይነት። በዚያ ወበቅ ከፍም አጠገብ ቆሞ ነው የሚውለው። በፍሬ የሚጠይቅህ ጥቂት ሩፒ ነው። ከሱ ጋር አትከራከር! ሆቴሉን በዋጋው ተወው፣ ሰውየውን ግን ክፈለው። ለመቆጠብ ብለን ከኛ የባሰ ድሃ ላይ የምንጨክን ከሆነ ቁጠባውን አልወደውም።

ወጣቱ፦ ባንኮክ ብንሄድ ኖሮ ይቀለን ነበር?

እትዬ፦ በልብስ በኩል አዎ። ባንኮክ ሌሊት ሁሉ ክፍት የሆነ የሳንቲም ማጠቢያ ቤት በየመንገዱ ነው፤ የአሥር ባት ሳንቲም እያስገባህ ራስህ ታጥባለህ፣ በትልልቅ ማድረቂያ ታደርቃለህ። በሰዓት ተኩል ጨርሰህ ትሄዳለህ። አሜሪካ ያሉት ዘመዶቻችንም አፓርታማቸው ማሽን ከሌለው እንዲህ ነው የሚያጥቡት። ዱባይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ፀሐዩ እያለ በረንዳ ላይ ልብስ ማስጣት በማዘጋጃ ቤቱ ያስቀጣል። እዚያ ማስጫህን ከመዘርጋትህ በፊት የጎረቤቶችህን በረንዳ ቀና ብለህ እይ፤ አንድም ልብስ ካላየህ ምክንያት አለው። ለማንኛውም እስቲ ያንን የአባትህን ቢጃማ አምጣው።

ወጣቱ፦ ይኸውልዎ።

እትዬ፦ አንገቱ ሥር ያለችውን ጨርቅ ተመልከት። ይህች ውኃ ያለባት ሳፋ የሚመስለው ምልክት ማጠቢያዋ ነች፤ ውስጧ 40 ብሏል፣ ከ40 ዲግሪ አታሳልፈው ማለት ነው። ሦስት ማዕዘኗ ላይ ኤክስ አለ፣ በረኪና አይነካውም። ክብ ያለባት አራት ማዕዘን የማድረቂያ ማሽን ናት፤ እሷም ላይ ኤክስ አለ፣ ስለዚህ ይሰጣል እንጂ ማሽን ውስጥ አይገባም። ካውያው ላይ ሁለት ነጥብ፣ መካከለኛ ሙቀት። ይህ ምልክት ሕንድም ታይላንድም አንድ ነው፤ ቋንቋ ባትችል ጣትህን ልብሱ ላይ አድርገህ ታሳያለህ።

ወጣቱ፦ ደም ቢነካውስ? ቁስሉ ሊያዥ ይችላል ብለውኛል።

እትዬ፦ ቀዝቃዛ ውኃ። ወዲያውኑ፣ ሳይደርቅ። ሙቅ ውኃ ከነካው ደሙ ይረጋና ጨርቁን ይዞ ይቀራል። በቀዝቃዛ ለቅለቅ አድርገህ ደሙ ሲለቅ በሳሙና ታሸዋለህ። የቁስል ልብስ ከሌላው ጋር አትደባልቅ፣ ባልዲውንም አጥበው፣ እጅህንም ታጠብ። እንዲህ ያለውን ለሰው አትስጥ፤ አንተው እጠበው። ቁስሉ ማዠቱን ግን ለሐኪሙ ሳትነግር እንዳታልፍ፣ እሱ የልብስ ነገር አይደለም።

ወጣቱ፦ እሺ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ አባባ ጋቢዬን ሳልይዝ አልሄድም ብለዋል።

እትዬ፦ ይያዙ እንጂ! የሆስፒታሉ ኤሲ ብርድ ነው፤ ከዚያም በላይ ሰው አገር ተኝቶ የራሱን ጋቢ የለበሰ ሰው ነፍሱ ትረጋጋለች። ግን ጋቢውን ለዶቢም ለማሽንም አትስጥ። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነው፣ ክሩ አልጠበቀም፤ ድንጋይ ይበጥሰዋል፣ የማድረቂያ ሙቀት ያኮማትረዋል። እኛ ጋ የነበሩ አንዲት እናት ጋቢያቸውን ከማድረቂያ ሲያወጡት ጫፍና ጫፉ አልገጠም፣ ጥለቱም ነጩ ላይ ለቆ ነበር። ድሮ እናቶቻችን በእንዶድ እየዘፈዘፉ ነው የሚያነጡት፤ ዴልሂ እንዶድ የት ታገኛለህ። ደግሞ ድርብርብ ስለሆነ ሐምሌ ላይ ካጠብከው ሳምንት እርጥብ ሆኖ ይከርምብሃል። ስለዚህ ከነጭራሹ አታጥበው። ከሥሩ ስስ አንሶላ ጣልላቸው፣ ጋቢው ከላይ ይሁን፤ አንሶላውን እያጠብክ ጋቢውን ታድነዋለህ። ዝናቡ ጋብ ያለ ቀን ጣሪያ ላይ አውጥተህ አናፍሰው። የሚፈስበት ነገር ካለ ያችኑ ቦታ ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ አድርጋት።

ወጣቱ፦ እንግዲህ ሻንጣውን እንደ አዲስ ልጀምር ነው።

እትዬ፦ አንዱ ሻንጣ ይበቃችኋል። በሌላው ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ ክተትበት፤ አባትህ የሚበሉት ሲያጡ ያኔ ታመሰግነኛለህ። ደግሞ ለአጣቢ ስትሰጥ ከልብሳችሁ ግማሹን ብቻ ስጥ፣ ሁልጊዜ። ዶቢው ሁለት ቀን ይላል፣ ዝናብ ይመጣል፣ አራት ቀን ይሆናል፤ የመጨረሻው የክትትል ቀጠሮ ከታወቀ በኋላ ለማንም አንዲት ካናቴራ አትስጥ።

ወጣቱ፦ ቀጠሮው በድንገት ከተቃረበስ? "ጨርሳችኋል፣ ነገ መብረር ትችላላችሁ" ካሉን?

እትዬ፦ ያኔ እድፉን በፔስታል ጠቅልለህ ይዘኸው ና፤ እዚህ እናጥበዋለን።